ሻይ ያልቀረበለት ሰው

ያን ዕለት ጠዋት በሬዲዮ ስለ ፍቅር ይወራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ርዕሳችን መኪና ማቆም ነበር።

ስሜ ሶርካ ነው። ማላኪ በሚያቀርበው የረፋድ የወሬ ፕሮግራም ላይ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ሜዮ በሚባለው አውራጃችን ውስጥ ማላኪን የማያውቅ የለም፤ እኔን የሚያውቁኝ ግን የደወሉት ብቻ ናቸው። "ማን ልበል? ከየት ነው? ስለ ምን ጉዳይ?" የምለዋ ሴት ነኝ። ጉዳዩ ደግሞ ጉድ ነው። ዝይዋ የፖስታ ቤቱን መኪና አፍቅራ እንቁላል መጣል ያቆመችባት ሴት ትደውላለች። ጎረቤቴ በእሁድ ምድር ልብስ አጥባ አሰጣች የሚል ሽማግሌ ይደውላል። ድንች በልጣጩ ይቀቀል፣ ተልጦ ይቀቀል ተባብለው የተኳረፉ ባልና ሚስት ለየብቻ ደውለው ይካሰሳሉ። ሳቁ ሲያበቃ የሞቱት ሰዎች ስም ይነበባል። ያኔ በየቤቱ ማንኪያ አይንኳኳም፤ ማን እንደሞተ፣ አስከሬኑ የት እንዳረፈ፣ ልቅሶ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚደረስ ሁሉም ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ቅዳሜ ፊንታን ሊያገባ ነው።

ይህን እያወቅኩ ነው ተነስቼ ፀጉሬን አበጥሬ ሥራ የገባሁት። ምን ላድርግ ታዲያ? የሚያገባት ዲምፍና ናት፤ ባሏን ባሕር የበላባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ይዛ የቀረች። ክፉ በሆነችልኝ ደስ ባለኝ፤ ክፉ ግን አይደለችም። "ይሁንለት" ብያለሁ። ይሁንለት ማለት ለአፍ ቀላል ነው፣ ሆድ ግን አልሰማ አለኝ።

ፊንታንን ያወቅኩት በዚሁ ስልክ ነው። አራት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ በጎቹ የማላኪን ፕሮግራም ካልሰሙ ከኮረብታው አንወርድም ብለው እንዳስቸገሩት ሊናገር ደወለ።

"ማላኪን ይወዱታል ማለት ነው?" አልኩት።

"ኧረ ሲያልፍም አይነካቸው! ድምፁን ሲሰሙ ነው ሸሽተው የሚወርዱት" አለኝ።

እንዲያ ስቄ አላውቅም። ስስቅ ስልኩን ለማላኪ ማሳለፍ ረሳሁት። በማግስቱ ያለ ጉዳይ ደወለ። በሦስተኛው ቀንም ደወለ። "ዛሬስ በጎቹ ምን ሆኑ?" ስለው፣ "በጎቹ ደህና ናቸው፤ የታመመው ጌታቸው ነው" አለኝ። አለቀልኝ እኔ።

እሱ የኮረብታው ሰው ነው፤ ከእናቱ ጋር ረግረግ መሬት ሲያርስ የሚውል። እኔ የዶክተሩ ልጅ ነኝ፤ ግራና ቀኙ ዛፍ በሆነ መንገድ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ቤት ልጅ። ወንድሜ ዴክላን ጠበቃ ነው። አንድ እሁድ ባሕሩ ዳር ያለው ግንብ ላይ ቁጭ ብለን ከአንድ ወረቀት የድንች ጥብስ ስንበላ አየን። ሰላም ሳይለን አለፈ። ማታ ላይ ግን "ያ ጭቃ የዚህን ቤት ደፍ አይረግጣትም" አለኝ። አባቴ ታሞ ተኝቶ ነበርና ጠብ አላነሳሁም። ፊንታንን "አባባ እስኪሻለው እንታገስ" አልኩት። "መታገስ መች ያቅተኛል" አለኝ። ከዴክላን በቀር ማንም ሳያውቅብን ሁለት ዓመት ተዋደድን። አባቴ ግን አልተሻለውም።

እኛ ዘንድ ሰርግ መቅረት ይቻላል። አሞኝ ነበር፣ ላሚቱ ምጥ ይዟት ነበር ይባልና ይታለፋል። ልቅሶ መቅረት ግን አይታለፍም። ጠላት እንኳ ይመጣል፤ እጅ ጨብጦ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። አባቴ ሞቶ ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ አገር ሲጎርፍ፣ እኔ ሬሳው ራስጌ ቆሜ ስንቱን እጅ ጨበጥኩ! አጨባበጡ የሚያም እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት እጅ። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ፊንታን አይደለም። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያንም መቃብርም አጣሁት። በሳምንቱ ከመጡት ካርዶች መካከል አንድ ከእነሱ ቤት የተላከ አገኘሁ፤ ቄሱ ለአባቴ ነፍስ ሊቀድሱ የፈረሙበት፣ "ከፊንታንና ከእናቱ" የሚል። ለማንም ባዳ የሚላክ ካርድ። ስልክ ሲደውል አላነሳሁለትም። ሦስቴ ደወለ፣ ከዚያ ተወ።

ማንን ልጠይቅ? ከዴክላን በቀር ፍቅራችንን የሚያውቅ የለ። "ፊንታን መጥቶ ነበር እንዴ?" ብል፣ "አንቺን ምን አገባሽ?" ነው የሚሉኝ። ዓመት ከመንፈቅ ነገሩን በሆዴ ይዤ ኖርኩ።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ማላኪ መስታወቱ ወዲያ ማዶ ማይክሮፎኑን አቅፎ ተቀምጧል። መጀመሪያ ያሳለፍኩለት እማማ ኮንሴፕታን ነበር።

"እንደምን አደሩ እማማ?"

"ምን አድሬ! ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ!"

"እንዴት ሆኖ ቀረ?"

"ልቅሶ ልደርስ ሄጄ ነዋ! አንድ ቢጫ ካፖርት ለብሶ የለቀስተኛ መኪና የሚያስተናግድ ጎረምሳ እጁን እንደ ጳጳስ ዘርግቶ 'ወደ ሜዳው፣ እናቴ' ይለኛል። ኧረ አሮጊት ነኝ ብለው፣ ኧረ ለሟቹ የሥጋ ዘመድ ነኝ ብለው፣ 'ወደ ሜዳው።' አስከሬኑ ፊት በአንድ እግር ጫማ ነው የቆምኩት፣ ማላኪ ልጄ!"

"ሟቹስ ምን አሉ?"

"ምንም አላሉ። ጨዋ ሰው ነበሩ።"

ማላኪ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ቀና ብሎ "እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ፣ ለእነዚህ ቢጫ ለባሾች ሥልጣን የሰጣቸው ማነው?" ሲል የስልኮቹ መብራት በሙሉ በራ። አንዱ "ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ያጣ ሰው ነው ልቅሶ ቤት ቢጫ የሚለብሰው" አለ። አንዷ ደግሞ ባሌን ያገኘሁት ሜዳ ላይ መኪናዬን ሲያስቆመኝ ነው፣ እስከ ዛሬም አላንቀሳቀሰኝም ብላ አሳቀችን። ማላኪ በጣቱ ጠቀሰኝ፤ ራሱ ቢጫ ለባሽ የሆነ ሰው አምጪልኝ ማለቱ ነው።

አራተኛውን መስመር አነሳሁ።

"የረፋድ ፕሮግራም ነው፣ ማን ልበል?"

ከኋላ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኛል።

"ስሜን ባልናገር ደስ ይለኛል።"

ዓመት ከመንፈቅ ያልሰማሁትን ድምፅ ለመለየት አንድ ቃል በቂ ነበር። "ስለ ምን ጉዳይ ነው የሚናገሩት?" አልኩት። እርስዎ አልኩት! አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አንተ ያልኩትን ሰው።

"ስለ ቢጫ ለባሾቹ ነው። እኔም ቆሜ አውቃለሁ። ከፈቀዱልኝ፣ እመቤት።"

እመቤት አለኝ። ልዘጋበት እችል ነበር፤ እጄም ተነስቶ ነበር። ማላኪ ግን መስታወቱን ያንኳኳል። "ይጠብቁ" ብዬ አሳለፍኩትና የጆሮ ማዳመጫዬን አጠበቅኩ።

"ጌታዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። እርስዎም ከጳጳሳቱ አንዱ ነዎት?" አለው ማላኪ።

"ካፖርቱስ አለኝ።" ድምፁ ውስጥ ያቺ የማውቃት ሳቅ አለች። "እማማ ኮንሴፕታ ይቅር ይበሉን፣ ጫማውንም ፈልገን እናመጣለን። ግን አንድ ነገር ይታወቅልን። በር ላይ የሚቆመው ሰው ሥልጣን አምሮት አይደለም። ሌላው ገብቶ ቤተሰቡን ጨብጦ ሻይ ሲጠጣ እሱ መኪና ሲመልስ ነው የሚያመሸው። አገሩ በሙሉ ልቅሶ ደረሰ ይባላል፤ እሱን ግን ማንም አያየውም።"

"ልክ ነው። ግን ሻይ ይወጣለታል፣ አይደል? አንዷ ትኩሱን ከሳንድዊች ጋር ይዛ ትወጣለች።"

"ሁልጊዜ ይወጣል። አንድ ቀን ነው ያልወጣልኝ።"

"ሻይ ሳይወጣልህ!"

ማላኪ አንተ ያለው ሳያውቀው ነው፤ የምሩን ደነገጠ። እዚህ አገር ግብር ሊያስከፍል የመጣ ሰው እንኳ ሻይ ሳይቀርብለት አይመለስም።

"ስም አልጠራም" አለ ፊንታን።

"ስም አንጠራም። ብቻ ንገረን።"

"ትልቅ ቤት ነው። የሞቱትም ትልቅ ሰው ናቸው፤ እናቴን በሌሊት ኮረብታ ወጥተው ያከሙ። ልቅሶ ልደርስ ጥቁር ክራባቴን አስሬ ሄድኩ። የቤቱ ወንድ ልጅ መንገዱ መግቢያ ላይ አገኘኝ። 'በጥሩ ሰዓት መጣህ፣ መኪናዎቹን አስተናግድልን' አለና ካፖርቱን አስታቀፈኝ። ልቅሶ ቤት እንቢ አይባልም። ከአሥር ሰዓት ጀምሬ ቆምኩ። ዝናቡ አላባራም። የመጨረሻው መኪና ሲወጣ ምሽት ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። እጄን በእርጥብ ሣር አጽድቼ ወደ ቤቱ ወጣሁ። አንድ እጅ ልጨብጥ ነበር የፈለግኩት። አንድ ብቻ።"

"የማንን?"

ማላኪ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ።

"የሴት ልጃቸውን" አለ ፊንታን። "እወዳት ነበር።"

ጠረጴዛዬን ጨብጬ ያዝኩ። በየወጥ ቤቱ፣ በየትራክተሩ፣ በየሱቁ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ይህን ከእኔ እኩል ሰማ። ፊንታን ቀጠለ።

"በሩን የከፈተልኝ ያው ወንድሟ ነው። 'ማስታወቂያውን አልሰማህም እንዴ? ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤቱ ለቤተሰብ ብቻ ነው' አለኝ። ድምጿ ከውስጥ ይሰማኛል፤ ለሆነ ሰው ወንበር ስታቀርብ። 'እንዲያው አንዴ ልጨብጣት' አልኩት። ዘጋው።"

ሁለተኛው መስመር በራ። ሥራ ነውና በአንድ ጆሮዬ አነሳሁት።

"ያንን ሰውዬ ከአየር ላይ አውርጂው! አሁኑኑ!" ዴክላን ነው።

"እሱ የማንንም ስም አልጠራም" አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

"ስም ምን ያደርግለታል፣ ድምፁን የማያውቅ አለ? ስማችንን ጭቃ ሲቀባ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ?"

"ታዲያ እውነት ነው ማለት ነው?"

በሩን ሲዘጋ ሰማሁት።

"ዴክላን፣ አንተ ነህ በር ላይ ያቆምከው?"

"አንድ ሰው መቆም ነበረበት። ሥራው ነው፤ ለዚያ የተፈጠረ ነው።"

"ማታስ? ደጃፍህ ላይ ሲለምንህስ?"

"በዚያ ጭቃ ቦት ጫማው አባባ የተኛበት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይቁም ነው የምትይኝ?"

"አባባ ሞቷል እኮ! ለምንጣፍ የሚጨነቅ ይመስልሃል?"

"ለአንቺ ብዬ ነው ሶርካ። ያኔም፣ አሁንም።"

"ለእኔ ብለህ! እግዜር ለአንተም እንዲሁ ያለ አሳቢ ይስጥህ" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ዘጠኝ ዓመት ስልክ ሳነሳ በሰው ላይ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሌላው ጆሮዬ ማላኪ "ታዲያ በኋላ አልጠየቅካትም?" እያለው ነበር።

"በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ደግሞ አቆሙኝ። ያም ይሁን አልኩ፤ ስታልፍ አያታለሁ ብዬ። የቤተሰቡ ጥቁር መኪና እዚህ አጠገቤ አለፈ። የካፖርቴን ቆብ ገፍፌ ዝናቡ ላይ እጄን አነሳሁላት። አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቷን አዞረች። ያኔ ገባኝ።"

"ምን ገባህ?"

"ቦታዬ በር ላይ እንደሆነ።"

"አላየሁህም!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? የእኔ ድምፅ ከመስታወቱ አያልፍም። ያን ቀን ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ መስኮቱ በትንፋሽ ጉም ለብሷል፣ ዓይኔ በለቅሶ አብጧል፣ አንድ ቢጫ ነገር ዝናብ ውስጥ ውልብ ብሏል። ዴክላን ከጎኔ "ሶርካ፣ መሐረብ" ሲለኝ ዞርኩ። አንድ መሐረብ ለመቀበል ዞሬ ዕድሜዬን ጣልኩ።

"አሁንስ?" አለ ማላኪ ቀስ ብሎ።

"አሁንማ ቅዳሜ ሰርጌ ነው። እኛም በር ላይ ቢጫ ለባሽ እናቆማለን፤ የመጀመሪያው ሻይ የሚወጣው ግን ለእሱ ነው።"

ማላኪ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "አመሰግናለሁ ወዳጄ" ብሎ ሙዚቃ ለቀቀ። መልእክቱ እንደ ጎርፍ መጣ። አንዲት ሴት "ያ ሰው እስኪሞት ድረስ በእኔ ቤት ሻይ አለው በሉልኝ" ብላለች። አንዱ ስድብ ብቻ ነው የላከው፤ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። እማማ ኮንሴፕታ ደግሞ መልሰው ደውለው "ጫማውን ተዉት፣ አልፈልገውም" አሉ እያለቀሱ።

አየር ላይ የተናገረ ሰው ሲጨርስ መስመሩ ወደ እኔ ይመለሳል። አመስግኜ የምሸኘው እኔ ነኝ። አራተኛው መስመር አሁንም በርቷል። ብዙዎቹ ወዲያው ነው የሚዘጉት፤ እሱ አልዘጋም።

"ፊንታን" አልኩት።

"አቤት።"

"አላየሁህም። በአባቴ መቃብር እምልልሃለሁ፣ አላየሁህም።"



"ፊትሽን አዞርሽ እኮ ሶርካ።"

"ዴክላን ጠርቶኝ ነው! መስኮቱ ደፍርሶ፣ ዓይኔ ተደፍኖ... አንተ መሆንህን ባውቅ መኪናውን አስቁሜ እወርድ ነበር። ሬሳውን እንኳ አስቁሜ እወርድ ነበር! ልቅሶዬን ሳይደርስ ቀረ ብዬ እኮ ነው እስከ ዛሬ የጠላሁህ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴ እስኪሰበር አይ ነበር።"

"በሩን ትጠብቂ ነበር?" አለኝ። "እኔ እኮ... እዚያ ሆኜ የሳሎኑን መብራት ነበር የማየው። ከመጋረጃው ኋላ አንድ ጥላ ይንቀሳቀሳል። እሷ ናት፣ ደህና ናት፣ ቆማለች እያልኩ።"

ሁለታችንም አለቀስን። ሥራ ቦታ ነኝ፣ ሰው ያየኛል አላልኩም። ማላኪ መስታወቱ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ፤ እግዜር ይስጠውና፣ ሌላ ሙዚቃ ለቀቀልኝ። ስለ ማላኪ ክፉ ሲወራ የምቆጣው ለዚህ ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ደወልኩ። አላነሳሽም። አፈረችብኝ ብዬ ደምድሜ ነበርና ደግሜ ለመለመን ኩራቴ እንቢ አለኝ።"

"ዛሬስ ለምን ደወልክ? ለምን ዛሬ?"



"ዲምፍና ናት ደውል ያለችኝ። አብረን ቁርስ እየበላን ስለ ቢጫ ለባሾቹ ሲሳቅ ፊቴ ሲለወጥ አየችው። ሁሉንም ነገርኳት። 'ይህን ጉሮሮህ ላይ ይዘህ ቤተ ክርስቲያን እንዳትመጣብኝ' አለችና ስልኩን አቀበለችኝ። ማን እንደሚያነሳው ታውቃለች። ልጆቹን ይዛ ወጥታልኝ ሄደች።"

እንደዚያ ባላደረገች! ክፉ ብትሆን፣ ብትቀና፣ ስልኩን ብትነጥቀው እኔም ያለ ኀፍረት እነጥቃት ነበር። ለነገሩ ያለ ኀፍረትም ሞክሬዋለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

"ፊንታን፣ ቅዳሜ ገና ነው" አልኩት። "ሦስት ቀን አለ። አልተጋባችሁም። አሁን ልምጣ? መኪናዬ ደጅ ናት። እኔ ነኝ የምመጣው፤ አንተ አንድ እርምጃ እንዳትራመድ። ለአገሩ ሁሉ እነግራለሁ፣ ከፈለግክ በዚሁ ሬዲዮ እናገራለሁ። ትወደኛለህ አይደል? ነበር አትበለኝ። ለማላኪ 'እወዳት ነበር' ብለኸዋል፤ ለእኔ እንዳትደግመው።"

"እወድሻለሁ" አለኝ። "ነበር ያልኩት ዲምፍና ትሰማ ይሆናል ብዬ ነው። እወድሻለሁ ሶርካ። ከበጎቹ ቀን ጀምሮ።"

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። የመኪናዬ ቁልፍ እጄ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።

"ግን አትምጪ።"

"ምን?"

"የዲምፍና ትንሿ ልጅ፣ ኢታ፣ ለሰርጉ የተገዛላትን ጫማ አድርጋ ነው የምትተኛው። አውልቂ ስትባል ታለቅሳለች። ትልቋ ካሁን በፊት ምንም ብላ ጠርታኝ አታውቅም ነበር፤ ባለፈው እሁድ በሰው ፊት አባባ አለችኝ። አባታቸው ወጥቶ ያልተመለሰባቸው ልጆች ናቸው። ዲምፍናም ዛሬ ስልኩን ሰጥታኝ የወጣችው ወደ እነሱ እንደምመለስ አምና ነው።" ትንፋሹን ሳበ። "እነዚህን ሰዎች ደጃፌ ላይ አቁሜ፣ ለእናንተ አይደለም ብዬ በሩን ልዝጋባቸው? እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ እኮ። እኔ ራሴ ቆሜበታለሁ።"

ብዙ መልስ ነበረኝ። እኔስ? ልለው ፈለግኩ። የእኔስ ደጃፍ? ብሎ የሚጮኽ ነገር ደረቴ ውስጥ ነበር። ግን ያ ሰው እንዲህ ባይሆን ኖሮ መች እወደው ነበር? ዝናብ ላይ ቆሞ ሰው ሲያስገባ የሚያመሽ ሰው ሌላ ምን እንዲል ጠበቅኩ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። እኔ ያላፈሰስኩት ውሃ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ መልሼ ተቀመጥኩ።

"ሻይ..." አልኩት፣ ሌላ ቃል ጠፍቶብኝ። "ሻይ እንኳ አልሰጠንህም።"

"አልጠማኝም ነበር" አለኝ። ውሸቱን ነው። ለእኔ ብሎ የዋሸው ነው።

"እሷ... ደህና ሰው ናት?"

"ደህና ሰው ናት።"

"እንግዲያው ደስ ይበልህ። ከልቤ አይደለም አሁን። ግን አንድ ቀን ከልቤ ይሆናል።"

"አባትሽን ነፍስ ይማር ሶርካ። እግዜር ያጥናሽ። ይህን ልልሽ ነበር ያን ማታ የመጣሁት።"

ዓመት ከመንፈቅ ዘግይቶ፣ በስልክ፣ ልቅሶዬን ደረሰኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላለቀስኩም። አልቅሼ እስክጨርስ አልቸኮለም፤ ጠበቀኝ።

እዚህ አገር ስልክ በአንድ ቻው አይዘጋም። "ቻው፣ ቻው፣ በይ ቻው፣ እሺ ቻው፣ ቻው ቻው" እየተባለ፣ ድምፅ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ነው የሚያልቀው። ባለ ዕዳውን ሲሰድብ የቆየ ሰው እንኳ ሲዘጋ እንዲያ ነው የሚለው። እኔና ፊንታን ደግሞ ከሁሉም የባስን ነበርን፤ አንቺ ዝጊ፣ አንተ ዝጋ እየተባባልን እራታችን ይቀዘቅዝ ነበር።

"ደህና ሁኚ ሶርካ" አለኝ። አንዴ ብቻ። ዘጋው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። "ቻው" አልኩት። ማንም የለም፣ አውቃለሁ። "ቻው፣ ቻው... እሺ ቻው" እያልኩ፣ የእሱንም ድርሻ የእኔንም ድርሻ ለብቻዬ አልኩት።